ሰርግ የመሰለኝ የቻይና ፊልም

እኔ ጽሑፍ የሚሆንልኝ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት አዲስ አበባ፣ ቀበሌ ውስጥ በተከፈተ የመሠረተ ትምህርት ክፍል ነው፤ ያኔ ጢሜ መሸበት ጀምሮ ነበር። ዛሬም ሳነብ ጣቴን ከፊደሉ ሥር እያስኬድኩ ነው። እንግሊዝኛ እናገራለሁ፣ ሰውም ይሰማኛል፤ ማንበብ ከተባለ ግን የማውቀው በር ላይ በቀይ የሚበራውን «መውጫ» የሚለውን ቃል ብቻ ነው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰው እንዲያዝንልኝ አይደለም። ማንበብ ባለመቻሌና ግትር በመሆኔ አንድ ሰው ላይ የሠራሁት ነገር ስላለ ነው።

በፈረንጆቹ ሰማንያዎቹ መጨረሻ ላይ አትላንታ፣ ሚድታውን፣ አንድ ትንሽ ሲኒማ ቤት ውስጥ በጽዳት እሠራ ነበር። የውጭ አገር ፊልም ብቻ የሚያሳይ ቤት ነው፤ የሚገባው ሰው ተማሪና አስተማሪ፣ መነጽር ያደረገ ሁሉ። የኔ ሥራ በሁለት ትርዒት መሃል ፈንዲሻውንና ወረቀቱን መጥረግ ነው። ስለዚህ ፊልሙ ሊያልቅ ሃያ ደቂቃ ሲቀረው መጥረጊያዬን ይዤ እገባና ከኋላ ግድግዳውን ተደግፌ እቆማለሁ። መሃል ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ ባትሪ ይዤ ገብቼ የሚያጨስ ሰው እንዳለ አያለሁ። በዚህ ምክንያት የስንቱን ፊልም መሃሉንና መጨረሻውን አውቃለሁ፤ ከአንዱ በቀር የማናቸውንም መጀመሪያ አላውቅም።

በዚያ ዓመት የቻይና ፊልሞች መጡ። ከዚያ በፊት የማውቀው የቻይና ፊልም አዲስ አበባ ያየሁት፣ ሰው ከጣራ ጣራ እየዘለለ የሚራገጥበት ነበር። እነዚህኞቹ ላይ ማንም አይራገጥም። መሬቱ ቢጫ፣ ሰማዩ ሰፊ፣ ሰዉ ዝም ያለ። አንድ ሰው ውሃ ተሸክሞ ዳገት ከጀመረ አናቱ ላይ እስኪደርስ ድረስ ያሳዩሃል። ተመልካቹ ሲወጣ «ከመጽሐፍ የተወሰደ ነው» ይባባላል። እውነትም አብዛኞቹ እዚያ አገር ሰው ከሚያነባቸው ልቦለዶች የተሠሩ ነበሩ።

ይህን ያስረዳኝ አንድ ቻይናዊ ነው። ከሲኒማ ቤቱ ማዶ ካለ ምግብ ቤት ኩሽና ውስጥ የሚሠራ፣ ከኔ በዕድሜ ጠና ያለ ሰው። እሑድ እሑድ ኦፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለውን ትርዒት ይገባል፣ ሁልጊዜ አራተኛው መስመር ዳር ይቀመጣል፣ እጁ ላይ መጽሐፍ አለ። ፊልሙ ሲጀምር አንዲት ጣት የምታህል ባትሪ አብርቶ ከመጽሐፉ ጋር ያስተያያል። እዚህ ጋ ዘለለ፣ እዚህ ጋ ጨመረ፣ እያለ ለራሱ ያጉረመርማል። የኔም እንግሊዝኛ ስብርብር፣ የሱም ስብርብር፤ ስለዚህ በደንብ እንግባባ ነበር።

«ፊልሙ መጽሐፉን ሌባ እንደገባበት ቤት አድርጎታል» አለኝ አንድ ቀን። «ከባድ ከባዱን ዕቃ ትቶ የሚያብለጨልጨውን ብቻ ነው ይዞ የወጣው።»

«ታዲያ በየሳምንቱ ምን ያመጣሃል?»

«ሌባም ቢሆን ከአገሬ ነው የመጣው» አለና ሳቀ።

ከእነዚያ ፊልሞች አንዱ ብዙ ሳምንት ቆየ። እኔ የማየው ክፍል እንዲህ ነው። አንዲት አሮጊት ገበያ ውስጥ ከአንድ ጸሐፊ አጠገብ ተቀምጣ ትናገራለች፤ እሱ በብሩሽ ይጽፍላታል። ልጇ ሩቅ ቦታ የድንጋይ ከሰል ጉድጓድ ውስጥ ይሠራል፤ ደብዳቤው ይደርሰዋል። ቀጥሎ ሰልፍ ይመጣል። ሰዉ ሁሉ ከራስ እስከ እግሩ ነጭ ለብሷል። ጥሩምባ ይነፋል። ስምንት ወንዶች በወፍራም እንጨት ላይ፣ በቀይ ጥልፍ የተሸፈነ ነገር ተሸክመው ይሄዳሉ፤ ሌሎቹ ክብ ክብ ወረቀት ወደ ላይ ይበትናሉ። ከዚያ አሮጊቷ እንደገና ጸሐፊው አጠገብ ተቀምጣ ትታያለች። በመጨረሻ ልጁ ስጦታ ይዞ አገሩ ይገባል፣ የቤቱን በር ያንኳኳል። እናትየዋ ትከፍትለታለች። ይገባል። በሩ ሲጥ ብሎ ይዘጋል። አለቀ።

እንግዲህ ንገሩኝ። እኛ ዘንድ ሰው ነጭ ለብሶ፣ ጥሩምባ እያስነፋ የሚሄደው መቼ ነው? ወይ ጥምቀት ነው፣ ወይ ሰርግ ነው። በቀይ ጥልፍ የተሸፈነው ውስጥ ሙሽራዋ አለች አልኩ። ከሰልፈኞቹ የሚያለቅሱም ነበሩ፤ ሙሽራ ስትወጣ ይለቀስ የለ? ሰርግ ነው ብዬ ዘጋሁት፤ ማንንም አልጠየቅሁም።

እናትየዋን ግን ወደድኳት። ፊቷ ደረቅ ነው፣ አትስቅም። በሩን ስትከፍት ዓይኗ ልጇ ላይ አያርፍም፤ በትከሻው ላይ አልፋ ወደ ወንበሮቹ፣ ወደ እኛ ወደ ኋለኞቹ የምታይ ይመስለኝ ነበር። አንዳንድ ቀን ተመልካች ሲያንስ፣ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «እንደምን ዋሉ፣ እናቴ» እላትና ወደ ሥራዬ እገባለሁ። ሞኝነት ነው፤ ግን እንዲህ አደርግ ነበር።

የምኖረው ፓይን ሌክ አጠገብ ከአንድ ደባል ጋር ነበር። ደባሌ ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው። አገሩ ሳለ አስተማሪ ነበር፤ እዚህ ኢስት ፖይንት እየተመላለሰ አውሮፕላን ማረፊያው ላይ ጓዝ ይጭናል። የተዋወቅነው ሱዳን፣ ካምፕ ውስጥ ነው። እሱ ፎርም ይሞላልኛል፣ የሚመጣልኝን ወረቀት ያነብልኛል፤ እኔ አበስልለታለሁ፣ እቆጣዋለሁ። የአውሮፕላን መካኒክ ላይሰንስ ሊያወጣ ለፈተና ያጠና ነበር። ፈተናውን ፓስ ካደረገ ወገቡ ከሻንጣ ያርፋል።

አንድ ሐሙስ ጠዋት እሱ ሥራ ሄዶ ስልክ ጮኸ። እህቱ ናት፣ ከደሴ።

«ጋሼ፣ አጠገብዎ አለ?»

«የለም፣ ሥራ ነው። ምነው ድምፅሽ?»

«እማዬ ከትናንት ወዲያ ዐረፈች። እንደሚሆን አድርገው ይንገሩልኝ። እርስዎ ለሱ አባቱም ወንድሙም ነዎት።» ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

እዚህ ለተወለዱት ልጆች ልንገር። እኛ ዘንድ ሞት መንገድ ላይ አይነገርም፣ በስልክም አይነገርም። መርዶ ወግ አለው። ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ ማለዳ ይሄዳል፤ ሰውየው ከቤቱ ሳይወጣ ተቀምጦ ይነገረዋል። እስከዚያ ድረስ አገር ያውቃል፣ ባለቤቱ ብቻ አያውቅም። እሱ ሲገባ ወሬ ይቆማል፤ ሲወጣ ይቀጥላል።

በሰፈራችን ለእንዲህ ያለ ነገር የሚጠሩ አንዲት ሴት ነበሩ። ሆስፒታል ውስጥ ልብስ እጥበት ይሠራሉ፤ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው። ሄጄ ነገርኳቸው።

«እሑድ ማለዳ ነዋ» አሉ። «እኔ ሰው እጠራለሁ።»

«እሑድ አይሆንም። ፈተና አለበት። ስድስት ሳምንት ግድም ነው የቀረው፤ ከፈተናው በኋላ ይነገረዋል።»

«ስድስት ሳምንት! አርባዋ ያልፋል እኮ! ልጇ ሳያውቅ አርባዋ ይውጣ?»

«አሁን ከሰማ ደብተሩን ይወረውራል። እናቱም ብትጠየቅ እንዲፈተን ነው የምትፈልገው።»

«አንተ እናቱን መቼ ጠየቅሃት?»

«አልኩ፤ አልኩ ነው!»

«ወይ ግንባር! ድንጋይ እኮ ነው» አሉና ፊታቸውን አዞሩብኝ። እኔ አንዴ ከወሰንኩ መመለስ አልችልበትም። ያን ጊዜ ይህን እንደ ጀግንነት ነበር የማየው።

አንድ ነገር ግን አላሰብኩበትም ነበር። ደባሌ በየሳምንቱ ለእናቱ ይጽፋል፤ ሰኞ ሰኞ ሚድታውን ስሄድ በመንገዴ ፖስታ ቤት የማስገባለት እኔ ነኝ። ሰኞ ሲደርስ እንደ ወትሮው ፖስታውን ዘረጋልኝ። ተቀበልኩት። ለሞተች ሴት ደብዳቤ እንዴት ይላካል? መቅደድም ነውር ሆነብኝ። ሲኒማ ቤቱ ውስጥ መጥረጊያ የማኖርበት ቁም ሣጥን አለ፤ እዚያ ባዶ የብስኩት ቆርቆሮ ነበረኝ፣ ውስጡ ከተትኩት። በሚቀጥለው ሰኞም ሌላ ሰጠኝ። እሱንም ከተትኩት። ቁም ሣጥኑን በከፈትኩ ቁጥር ቆርቆሮው የሚያየኝ ይመስለኝ ጀመር።

እሑድ እሑድ ሰው ስለሚደዋወል እሑድን ፈራሁ። አንዱ መርዶው የተነገረው መስሎት ስልክ አንሥቶ «እግዜር ያጽናህ» ቢለውስ? ስለዚህ በሦስተኛው እሑድ ከሥራ ፈቃድ ጠይቄ ከቤት ይዤው ልወጣ አሰብኩ።

«ተነሥ፣ ፊልም ላሳይህ» አልኩት።

«ፊልም? እርስዎ?» ሳቀ። «የምን ፊልም ነው?»

«የቻይና። ሰርግ አለበት። አእምሮህ ትንሽ ይረፍ።»

«ካራቴ ነው?»

«የምን ካራቴ! እናትና ልጅ ነው።» ይህ ከአፌ ሲወጣ ምላሴን ነከስኩ። እሱ ግን ጃኬቱን እየፈለገ ነበር።

እኔም ከመጀመሪያው ጀምሮ ተቀምጬ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ከሥር የእንግሊዝኛው ጽሑፍ ያልፋል፤ እሱ ያነባል፣ እኔ ሥዕሉን አያለሁ። አሮጊቷ ገበያ ስትቀመጥ ጎሸም አድርጌው «እናትየዋ» አልኩት። ጥሩምባው ሲነፋ ደስ አለኝ፤ ጉልበቴን መታ መታ እያደረግሁ «ይኸው ሰርጉ መጣ» አልኩት። ዞር ብሎ አየኝ። ከነጩ ልብስ የሚመጣው ብርሃን ፊቱ ላይ ነበር፤ ፊቱ ወረቀት መሰለ። እንደገና ወደ ፊት ዞረ። ከዚያ በኋላ አንድ ጊዜ እንኳ አልተንቀሳቀሰም።

መጨረሻው ደረሰ። ልጁ በሩን ሲያንኳኳ እኔ ስንት ጊዜ ያየሁት ሰውዬ ልቤ ተሰቀለ። እናትየዋ ከፈተች። አላስቻለኝም፤ እንባዬ መጣና «ተመስገን፣ እናቱ አለች» አልኩ። ጮክ ብዬ ኖሯል፤ ከፊታችን ያለች ሴት ዞራ አየችኝ።

መብራት በራ። ሰዉ ወጣ። ደባሌ ተቀምጧል።

«ጋሼ።»

«አቤት።»

«ይህን ፊልም ስንት ጊዜ አይተውታል?»

«መጨረሻውን እንደሆነ፣ አንድ ሠላሳ ጊዜ።»

«ሁልጊዜ ትከፍትለታለች?»

«ሁልጊዜ።»

«እንግዲያው ደህና ናት» አለና ተነሣ። በማግስቱ ሰኞ እንደ ወትሮው ፖስታ ሰጠኝ፤ የናቱ ስም በእንግሊዝኛም በአማርኛም ተጽፎበታል። እጄ ላይ ቀለል አለኝ። አንድ ቅጠል ወረቀት ብቻ ያለበት ይመስል ነበር።

በሚቀጥለው እሑድ ሥራ ላይ ሆኜ፣ መሃል ላይ ባትሪዬን ይዤ ስገባ፣ ደባሌን አየሁት። ሳይነግረኝ ብቻውን መጥቷል። አራተኛው መስመር ላይ ከቻይናዊው ጋር አንድ ወንበር መሃላቸው ትተው ተቀምጠዋል። የዚያ ቤት ወንበሮች ሰው ሲነሣባቸው በስፕሪንግ ይታጠፋሉ። መሃላቸው ያለችው ወንበር ግን ማንም ሳይቀመጥባት ተዘርግታ ነበር። ባትሪዬን አበራሁባት። ኮት የለ፣ ቦርሳ የለ። ባትሪዬን አጠፋሁ።

ሲያልቅ ደባሌ በፊተኛው በር ወጣ፤ አላየኝም። ወደ ቻይናዊው ሄድኩ።

«ያ ጓደኛህ» አለኝ ቀድሞ፣ «እናቱ መቼ ሞተችበት?»

«ማን ነገረህ?»

«ማንም። ሰው ይህን ፊልም እንደዚያ የሚያየው እናቱ የሞተችበት እንደሆነ ነው።»

«ምን አገናኘው? ፊልሙ የሰርግ ነው፤ እናትየዋም በሕይወት አለች።»

መጽሐፉን ከደነና ትክ ብሎ አየኝ። እያሾፍኩበት መስሎት ነበር። እንዳልሆነ ሲገባው ድምፁን ቀነሰ። «እኛ ዘንድ ነጭ የሐዘን ልብስ ነው። የተሸከሙት ሬሳ ነው። የሚበትኑትም ወረቀት የሙት ገንዘብ ነው። ልጁ ሥራውን ጥሎ እንዳይመጣ ታላቅ ወንድሙ ደበቀው። ጸሐፊውን አዘዘውና በናቱ ስም ደብዳቤ መጻፉን ቀጠለ።»

«ከሰልፉ በኋላ ገበያ ውስጥ የምትቀመጠውስ?»

«ሙት ናት።»

«በሩን የምትከፍተውስ?»

«እሷም ሙት ናት» አለ፤ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሸራው ነጭ ብሎ ተወጥሯል። በዚያ ሁሉ ጊዜ እንደምን ዋሉ የምላት፣ በልጇ ትከሻ ላይ አልፋ የምታየኝ ሴት። ጀርባዬን ሳልሰጥ ወደ ኋላ እየሄድኩ ጠረግሁ። አራተኛው መስመር ስደርስ ወንበሯ እንደተዘረጋች ናት። ገፍቼ አጠፍኳት። ሰኞ ስገባ ተዘርግታለች። ስፕሪንጉ ነው አልኩ፤ ዘይት አደረግሁበት። ማክሰኞ ተዘርግታለች። ስፕሪንጉን ቀየርኩት። ረቡዕ ተዘርግታለች። ከዚያ በኋላ አልነካኋትም፤ ዙሪያዋን ብቻ እጠርግ ነበር። መጨረሻውንም ማየት ተውኩ። ኮሪደር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ፤ በሩ ሲጥ ሲል ግን በግድግዳ ውስጥ ያልፍና ይሰማኛል።

ታዲያ መርዶውን በፊልም አረዳሁት ማለት ነው? ያውቃል ወይስ አያውቅም? ይህ ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። አጠናሁት። ይበላል። ሥራ ይሄዳል። ደብተሩ ላይ ይደፋል። ወጡ ጨው ሲበዛበት «ጋሼ፣ ባሕሩን ደፉበት?» ብሎ ይቀልዳል። ካወቀ ያለቅስ ነበር አልኩ፤ አላለቀሰም፣ ስለዚህ አያውቅም። በዚህ ጸናሁ። ለእትዬም የፊልሙን ነገር ደበቅኳቸው።

አንዳንድ ነገር ግን ያስፈራኝ ነበር። ስልክ ሲጮኽ ስልኩን ትቶ እኔን ያያል። አንሥቼ እስክዘጋ ድረስ ዓይኑን አይነቅልም፤ ከዚያ «ማን ነው?» ሳይል ወደ ደብተሩ ይመለሳል። አንድ ቀን ደግሞ ስገባ ታጣፊ ወንበሮች ግድግዳ ላይ ተደግፈው አገኘሁ።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ጎረቤት ሊጥለው ነበር፤ ወሰድኩት። ሰው ቢመጣ ብዬ።»

«እኛ ቤት ማን ይመጣል?»

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ ጋሼ።»

አርባኛው ቀን ቅዳሜ ዋለ። ፈተናው ሰኞ ነው። ቀኑን ቆጥሬዋለሁ፤ እሱ ግን አልቆጠረም ብዬ ነበር። ከሥራ ስመለስ የግቢው ልጆች ሁሉ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ዳቦ ይበላሉ። ላይኛው ፎቅ ያለችው ጎረቤታችንም በሩ ላይ አግኝታኝ «ስለ ዳቦው ቴንኪው በልልኝ» አለችኝ። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ላይ ትልቅ ድፎ የሚያህል ዳቦ አለ፣ እኩሌታው ሄዷል። ደባሌ ቆርሶ በሁለት እጁ ሰጠኝ።

«የምን ዳቦ ነው?»

«ዝም ብዬ ነው። አማረኝ። ይብሉ።»

ርቦኝ ነበር፤ በላሁ። ጥሩ ዳቦ ነው፣ ጥቁር አዝሙድ አለበት። እጄን አራገፍኩና አፌ እንደለመደው «እናትህን ያኑርልህ» አልኩት።

ቃሉ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። ልጆቹ እንኳ ደረጃው ላይ ዝም ያሉ መሰለኝ።

«አሜን፣ ጋሼ» አለ፤ ዓይኔን እያየ።

እንዲያም ሆኖ አልተነቃነቅሁም። አጋጣሚ ነው፣ ሰው ዳቦ አይገዛም እንዴ፣ አልኩ። ግትር ሰው ዓይኑ ፊት ያለውን ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚያልፈው እኔ ነኝ የማውቀው።

በማግስቱ እሑድ፣ ከቤት ስወጣ፣ ሰኞን ሳይጠብቅ ፖስታ ሰጠኝ። «ነገ ፈተና ላይ ነኝ፤ ዛሬ ይያዙት።» ያዝኩት። ያ እሑድ የዚያ ፊልም የመጨረሻ ቀኑ ነበር። ደባሌ አልመጣም። ቻይናዊው ሲወጣ ኮሪደሩ ላይ ያዝኩት።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ። ልጁ እናቱ መሞቷን የሚያውቀው መቼ ነው?»

«በፊልሙ ነው በመጽሐፉ?»

«ልዩነት አለው?»

«ልዩነቱማ እሱ ነው!» አለና መጽሐፉን በጥፊ መታው። «በፊልሙ በሩ ላይ ነው የሚያውቀው፤ ወይም ጭራሽ አያውቅም። በመጽሐፉ ግን ከመጀመሪያዋ የሐሰት ደብዳቤ ጀምሮ ያውቃል። እናቱ ስለ እግሩ ቁስል ሳትጠይቀው የላከችው ደብዳቤ የለም፤ ይህችኛዋ አልጠየቀችውም። በዚያ አወቀ። ግን ወንድሙን ላለማሳፈር እንደማያውቅ ሆኖ ለእናቱ ይመልሳል፣ ይመልሳል። እስኪነግሩት ይጠብቃል። መጽሐፉ ሙሉውን ይኸው መጠበቅ ነው።»

«ታዲያ ፊልሙ ይህን ለምን አያሳይም?»

«ሐሳብ ነዋ! ሐሳብ በካሜራ እንዴት ይነሣል? ሰውየው ዝም ብሏል፤ ፊቱን ብቻ ነው የምታየው። ፊቱን ብቻ ስታይ የማያውቅ ይመስልሃል።»

መጥረጊያዬን ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ስልኩ ሲጮኽ የሚያየኝ ዓይን መጣብኝ። ወንበሮቹ መጡብኝ። ዳቦው መጣብኝ፤ አፌ ውስጥ የጥቁር አዝሙዱ ጣዕም ተሰማኝ። ያን ቀን አዳራሹን ሳልጠርግ፣ ቆርቆሮውን ብቻ ይዤ ወጣሁ። በሕይወቴ ሥራ ጥዬ የወጣሁበት ቀን ያ ነው።

በቀጥታ እትዬ ቤት ሄድኩ።

«ነገ ማለዳ እንንገረው።»

«ነገ? ነገ ፈተናው አይደለም እንዴ?»

«ፈተናው ገደል ይግባ።»

«አንተ ሰው ጤና የለህም! ስለምንህ እምቢ ብለህ፣ አርባዋን አሳልፈህ፣ ደርሶ አንድ ቀን ሲቀረው?» አሉ። ፊቴን ሲያዩት ግን ስልኩን አነሡ።

ሰኞ ገና ሳይነጋጋ፣ ሰማዩ አመድ ሲመስል፣ በሩን ከፍቼ ወጣሁና ደረጃው ሥር ጠበቅኋቸው። እትዬ፣ ከቤተ ክርስቲያን ሁለት ሰዎች፣ የአንደኛው ሚስት። ከኔ ጋር አምስት። ወጣን።

ስወጣ ሳሎኑ ጨለማ ነበር። ስንገባ መብራት በርቷል። ወንበሮቹ ተዘርግተው ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል፤ አምስት ናቸው። ስንት ሆነን እንደምንመጣ ለማንም አልነገርኩም፤ እኔ ራሴ ያወቅሁት ደረጃው ሥር ነው። ደባሌ ጥቁር ለብሶ ወለሉ ላይ፣ ፍራሽ ላይ ተቀምጧል። አጠገቡ ስድስተኛ ወንበር አለች። ባዶዋን ተዘርግታለች።

«ግቡ» አለ። «ተቀመጡ።»

አምስታችን ተቀመጥን። ስድስተኛዋን ማንም አልነካት። እትዬ በዓይናቸው አመለከቱኝ፤ የምናገረው እኔ ነበርኩ። ሌሊቱን ያሰናዳሁት ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ።

«እናትህ» አልኩ።

ከዚያ በላይ አላስጨረሰኝም። እንዲያ ያለ ድምፅ ከሰው ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ደረቱ ውስጥ የቆየ ነበር። ላይኛው ፎቅ ያለችው ሴት በባዶ እግሯ ወርዳ በሩን ደበደበች፤ እትዬ ከፍተው አቀፏት፣ ምንም ሳይገባት አብራን አለቀሰች። ፈተናውን ማንም አላስታወሰውም። ደባሌ በኋላ፣ መኸር ላይ ተፈትኖ ፓስ አደረገ። ያን ያህል ቀላል ነገር ኖሯል፤ ሌላ ቀን መፈተን ይቻል ነበር።

በሦስተኛው ቀን፣ ሰዉ ቀለል ሲል፣ ቆርቆሮውን አምጥቼ ፊቱ አስቀመጥኩ።

«አላስገባኋቸውም» አልኩ።

«አውቃለሁ።»

«ያወቅኸው በፊልሙ ነው?»

«በፊልሙ አይደለም፣ ጋሼ። ቀኑን ሰው እኔ ስገባ ከሚያቆመው ወሬ ለቀምኩት፤ መሞቷን ግን ያወቅሁት በእርስዎ ነው። ለቀብር ጉልበትዎን እየመቱ፣ ለማያውቋት ቻይናዊት ‹ተመስገን እናቱ አለች› ብለው በእንባ። እርስዎ ለማን ነበር የሚያለቅሱት?»

እሱ ቆርቆሮውን ከፍቶ ስድስቱን ፖስታዎች ደረደራቸው። ሁለቱን ወስዶ ደረት ኪሱ ከተተ። «እነዚህ የሷ ናቸው» አለ። «የቀሩት የእርስዎ ናቸው።»

አራቱም ላይ የናቱ ስም ነው ያለው። ከፈትኩ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ ቅጠል ወረቀት፣ ጥቂት መስመር። ፊደሉ ትልልቅ ነው፣ ቃሉ ከቃሉ ተራርቆ ነው የተጻፈው፤ እኔ እንዳነበው ነበር የጻፈው። ጣቴን አስቀመጥኩ።

የመጀመሪያው፦ «ጋሼ፣ እናቴ ሞታለች አይደል? ይንገሩኝ።»

ሁለተኛው፦ «ጋሼ፣ መርዶ ያልተረዳ ሰው በማን ፊት ያለቅሳል? ማልቀስ አቃተኝ። ይንገሩኝ።»

ሦስተኛው፦ «ጋሼ፣ ቅዳሜ አርባዋ ነው። ፈተናው አይበልጥብኝም። ብቻዬን አያውሉኝ።»

አራተኛው ላይ ሁለት ጊዜ መስመር ስቼ ተመለስኩ። ባዶዋ ወንበር ከዚያን ቀን ጀምሮ አልታጠፈችም፤ ከጎኔ ናት፣ ላለማየት አንገቴን ደፋሁ።

«ጋሼ፣ ትናንት የበሉት የእናቴ ዳቦ ነው። ሳያውቁት በሉት። ሲያነቡት ነፍስ ይማር ይበሉልኝ።»

ጣቴን ከመጨረሻው ፊደል ላይ ሳላነሣ፣ «ነፍስ ይማር» አልኩ።

«አሜን፣ ጋሼ» አለ።